«ይሄ ምኑ ነው የሚያስፈራው?»፦ የድሮ ጥቁርና ነጭ የጭራቅ ፊልሞችን ስናይ የምንሠራቸው ስህተቶች

የአክስቴ ልጅ ቅዳሜ ማታ ቤቴ መጣ። የ1931ዱን «ፍራንከንስታይን» ከፈትኩለት። ሃያ ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩን አወጣ። «ይሄ ምኑ ነው የሚያስፈራው?» አለኝ። በሰዓቱ ተናደድኩበት። በኋላ ሳስበው ግን ጥፋቱ የእኔ ነበር። ቲቪውን አላስተካከልኩም። መብራት አላጠፋሁም። ይባስ ብዬ «ና፣ የሚያስፈራ ፊልም ላሳይህ» ብዬ ነው የጠራሁት።

እነዚህን ፊልሞች ዕድሜ ልካቸውን ደጋግመው የሚያዩ ሰዎች በዓለም ላይ ብዙ ናቸው። እኔም ከነሱ አንዱ ነኝ። አንዴ ሞክሮ የሚተወው ሰው ግን ይበልጣል። ሲተዉ ያየኋቸው ሰዎች ስህተት ደግሞ ይመሳሰላል። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

ለመፍራት ብሎ መቀመጥ

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። የቀሩትም አብዛኞቹ የሚመጡት ከዚህ ነው።

በ1931 ሲኒማ የገባ ሰው ፈርቶ ይሆናል። እኛ ግን ከዚያ የከፋ ነገር በዜና እያየን ራት እንበላለን። የፊልሞቹ ወዳጆች ዛሬም የሚመለሱት ጭራቁ ስለሚያስፈራቸው አይደለም። አንጀታቸውን ስለሚበላቸው ነው።

ከ«ፍራንከንስታይን» አንድ ቦታ ላሳያችሁ። ጭራቁ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲታይ የሚገባው ጀርባውን ሰጥቶ ነው። ኮቴው ይሰማል፣ በሩ ይከፈታል፣ ሰፊ ጀርባ እናያለን። ቀስ ብሎ ይዞራል። ካሜራው ዘለል ዘለል እያለ ፊቱ ድረስ ይጠጋል። እስከዚህ ማስፈራሪያ ነው። ቀጥሎ ግን የፈጠረው ዶክተር ጣሪያው ላይ ያለውን መስኮት ይከፍትና ብርሃን ይወርዳል። ጭራቁ ከተፈጠረ ጀምሮ የከረመው ጨለማ ውስጥ ነው። ቀና ይላል። ብርሃኑን ሊጨብጠው ይመስል ሁለት እጁን ወደ ላይ ያነሣል። መስኮቱ ይዘጋል። ያኔ ወደ ዶክተሩ ዞሮ ባዶ መዳፉን ይዘረጋል። የት ወሰድክብኝ እንደማለት።

ይህን የሠራው ቦሪስ ካርሎፍ በዚያ ፊልም አንድም ቃል አይናገርም። መግቢያው ላይ እንኳ በስሙ ቦታ የጥያቄ ምልክት ነው ያለው። የአክስቴ ልጅ ይህ ሲያልፍ ስልኩ ላይ ነበር።

ሌላም አለ። ማሪያ የምትባል ትንሽ ልጅ ሐይቅ ዳር አበባ ታቀብለዋለች። እሷ አበባ ውሃው ላይ ትጥላለች፣ ይንሳፈፋል። እሱም ይጥላል፣ ደስ ይለዋል፣ ይስቃል። አበባው ሲያልቅበት ልጅቷን ብድግ አድርጎ ይወረውራታል። እንደ አበባው የምትንሳፈፍ መስሎት ነው። ሳንሱሮች ይህን ከበደን ብለው ቆረጡት። በተቆረጠው ቅጂ ጭራቁ እጁን ወደ ልጅቷ ሲሰድ ታሪኩ ይዘላል። ከዚያ አባቷ ሬሳዋን ታቅፎ በመንደሩ መሃል ሲሄድ እናያለን። በመሃል የሆነውን ተመልካቹ ራሱ ይገምታል፣ የሚገምተውም ከእውነቱ የከፋ ነው። የተቆረጠው የተመለሰው በ1980ዎቹ ነው። ስለዚህ ስትመርጡ የተሟላውን ቅጂ ፈልጉ።

ጭራቁን «ፍራንከንስታይን» ብሎ መጥራት

ፍራንከንስታይን የዶክተሩ ስም ነው። ጭራቁ ስም የለውም። ወዳጆቹ ፊት ከተሳሳታችሁ እርማቱን ለመስማት ሁለት ሰከንድ አትጠብቁም። ጎባጣው ረዳትም ኢጎር አይደለም፣ ፍሪትዝ ነው። ኢጎር የመጣው በ1939 ነው፣ እሱም አንገቱ የተሰበረ እንጂ ጎባጣ አልነበረም።

እውነቱን ለመናገር በዚህ ብዙ አልጨቃጨቅም። ስም ሳይሰጡት የተወለደ ፍጡር የአባቱን ስም ቢወርስ ምን ይገርማል?

ቲቪውን እንዳለ መተው

አዳዲስ ቲቪዎች ከፋብሪካ ሲወጡ እንቅስቃሴ የሚያለሰልስ ሴቲንግ በርቶባቸው ነው። ፊልሙ በሰከንድ 24 ፎቶ ነው። ቲቪው በየመሃሉ የራሱን ፎቶ ፈጥሮ ይሰካበታል። በዚህ የተነሣ የ1931 ፊልም ትናንት በስልክ የተቀረጸ ድራማ ይመስላል። ሴቲንግ ገብታችሁ «ሞሽን» የሚል ነገር ካገኛችሁ አጥፉት።

ሁለተኛው የስክሪኑ ወርድ ነው። የዚያ ዘመን ምስል ወደ ካሬ የቀረበ ነው፣ ወርዱ አብዛኛውን ጊዜ የቁመቱ 1.37 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ ግራና ቀኝ ጥቁር ባዶ ቦታ ይተርፋል። ይትረፍ። ብዙ ሰው «ስክሪኑ አልሞላም» ብሎ ይጎትተዋል። ካርሎፍ ጉንጩ እንዲጎደጉድ ብሎ ሰው ሠራሽ ጥርሱን አውልቆ ነው የተቀረጸው። እናንተ ስትጎትቱት ያን ጉንጭ መልሳችሁ ትሞሉታላችሁ።

ቀለም የተቀባውን ቅጂማ ጭራሽ አትንኩት። የሜካፕ ባለሙያው ጃክ ፒርስ ካርሎፍን የቀባው ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ግራጫ ነበር። ለዓይን እንዲያምር አልነበረም፤ ጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ የሬሳ ንጣት እንዲወጣ ነው። ጥላው፣ የግንባሩ ቁመት፣ የከበደው የዓይን ቆብ፣ ሁሉም የተሰላው በግራጫ ነው። በኋላ ቀለም የሚቀባው ሰው የሚያበላሸው ይሄን ስሌት ነው።

«ድራኩላ» ላይ ያለውን ዝምታ እንደ ብልሽት ማየት

የ1931ዱ «ድራኩላ» ሲጀምር ከቻይኮቭስኪ «የስዋን ሐይቅ» ትንሽ ይሰማል። ከዚያ በኋላ፣ አንድ የኦፔራ ቤት ትዕይንት ሲቀር፣ ሙዚቃ የለም ማለት ይቻላል። ድምፅ ያለው ፊልም ገና አዲስ ነገር ነበር። አንድ ወዳጄ ስፒከሩ የተበላሸ መስሎት ገመዱን ሲነቅልና ሲሰካ አይቻለሁ።

ዝምታው መጀመሪያ ይከብዳል። ድራኩላን የሚሠራው ቤላ ሉጎሲ ደረጃው ላይ ሻማ ይዞ ሲቆም የሚሰማው ከውጭ የተኩላ ጩኸት ብቻ ነው። እሱም ያን ጩኸት እንደ ዘፈን ያዳምጠዋል። በዚያ ላይ ሙዚቃ ቢጫንበት ምን ይተርፋል? በ1990ዎቹ መጨረሻ የሙዚቃ ደራሲው ፊሊፕ ግላስ ለፊልሙ ሙዚቃ ጽፎለታል፣ ጎበዝ ሥራ ነው። መጀመሪያ ግን ያለሱ እዩት።

ሉጎሲ ረጅም ጥርስ ያሳያል ብላችሁ አትጠብቁ። አንድም ጊዜ አያሳይም። በምትኩ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ አርማዲሎ የሚባል ቅርፊት የለበሰ እንስሳ ታያላችሁ። አዎ፣ የአሜሪካ አርማዲሎ፣ አውሮፓ፣ ትራንሲልቫንያ ውስጥ። ማን እንዳመጣው እንጃ፣ ወዳጆቹ ግን ይሄን አርማዲሎ እንደ ዘመድ ነው የሚወዱት።

እውነቱን ልናገር፣ የፊልሙ ሁለተኛ አጋማሽ ይጎተታል። ከደከማችሁ የስፓኒሹን ቅጂ ሞክሩ። እንግሊዝኛው ቡድን ቀን ቀርጾ ሲወጣ፣ የስፓኒሹ ቡድን በዚያው ስቱዲዮ ሌሊት ይገባ ነበር። የቀኖቹን ሥራ አይተው ስለሚጀምሩ ካሜራቸው ደፋር ነው።

ሁሉን ነገር ጥንታዊ ተረት አድርጎ መውሰድ

ደም መጣጩ ቫምፓየር ፀሐይ ሲነካው እንደሚሞት ሁላችንም «እናውቃለን»። ይህን ያመጣው የ1922ቱ የጀርመን ድምፅ አልባ ፊልም «ኖስፌራቱ» ነው። በብራም ስቶከር መጽሐፍ ውስጥ ድራኩላ በቀን ይንቀሳቀሳል።

የ1941ዱ «ዎልፍ ማን»ም እንደዚሁ ነው። በፊልሙ ውስጥ መንደርተኛው ሁሉ በቃሉ የሚደግማት አራት ስንኝ አለች። ብዙ ሰው የጥንት የሕዝብ ግጥም ትመስለዋለች። የጻፋት ከርት ሲዮድማክ ነው፣ የፊልሙ ጸሐፊ። ሲዮድማክ ከናዚ ጀርመን የሸሸ አይሁዳዊ ነበር። በፊልሙ ተኩላ የሚሆነው ሰው ቀጥሎ የሚገድለውን የሚለየው በዚያ በሚሞተው ሰው መዳፍ ላይ በሚታየው ኮከብ ነው። የጸሐፊውን ታሪክ ካወቅሁ በኋላ፣ ናዚዎች አይሁዶች ልብስ ላይ ያስለጠፉት ኮከብ ትዝ እያለኝ፣ ያን ኮከብ በቀላሉ ማለፍ አቅቶኛል።

እኛም አገር ሌሊት ጅብ ይሆናል የሚባል ሰው አለ፣ ቡዳ። የኛው ግን ስክሪን ላይ አልቀረም። በዚያ ወሬ ሰበብ አንጥረኛው፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ቤተ እስራኤሉ ተገልለው ኖረዋል። ለዚህ ይሆናል የ«ዎልፍ ማን» ባለታሪክ ላሪ ታልቦት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲገባ ሰው ሁሉ ዞር ብሎ ሲያየው እኔ ከመንደርተኛው ጋር መቆም የማልችለው። ታልቦት የፈለገው መዳን ነው። በመጨረሻ የሚገድለው የገዛ አባቱ ነው፣ ልጁ መሆኑን ሳያውቅ፣ ጫፉ ብር በሆነ ከዘራ።

ብልሃቱ ላይ መሳቅ

ሳቁ፣ ችግር የለም። ግን እንዴት እንደተሠራ አውቃችሁ ሳቁ።

የ1933ቱን «ኢንቪዚብል ማን» (የማይታየው ሰው) ውሰዱ። ሸሚዝ ብቻውን ሲሮጥ ታያላችሁ። ኮምፒውተር የለም። ተዋናዩን ከራስ እስከ እግሩ ጥቁር ቬልቬት ሸፈኑት፣ በላዩ ሸሚዙን አለበሱት፣ ከኋላውም ጥቁር ቬልቬት ጋረዱ። ቬልቬት ብርሃን ስለሚውጥ ፊልሙ ላይ የቀረው ሸሚዙ ነው። ያንን ደግሞ ለብቻው ከተቀረጸው ክፍል ጋር አጋቡት። ክላውድ ሬይንስ በድምፁ ብቻ ያን ሁሉ ሠርቶ ፊቱ የሚታየው በመጨረሻዎቹ ሴኮንዶች ነው። (ከስምንት ዓመት በኋላ የታልቦትን አባት የሠራውም እሱ ነው።)

በዚያው ዓመት የወጣው «ኪንግ ኮንግ» ደግሞ ሌላ ብልሃት ነው። ግዙፉ ጎሪላ በአብዛኛው 45 ሴንቲ ሜትር ገደማ የሚሆን አሻንጉሊት ነው። ትንሽ ያንቀሳቅሱታል፣ አንድ ፎቶ ያነሣሉ፣ እንደገና ያንቀሳቅሱታል። ፀጉሩ ነፋስ እንደነካው ሲርገበገብ ልብ በሉ። ነፋስ አይደለም። በየፎቶው መሃል የነካው የሰው ጣት አሻራ ነው። እኔ ያንን ካወቅሁ ወዲህ ከጎሪላው ይልቅ የማየው ፀጉሩን ሆኗል።

ፍቅሩን የሽማግሌዎች ትዝታ ነው ማለት

አይደለም። በ1957 በአሜሪካ 52 የድሮ አስፈሪ ፊልሞች «ሾክ ቲያትር» በሚል ስም ተጠቅልለው ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች ተሸጡ። ሌሊት ቁጭ ብለው ያዩአቸው ፊልሞቹ ሲሠሩ ያልተወለዱ ልጆች ናቸው። በዓመቱ ለእነሱ የሚሆን መጽሔት ወጣ፣ ከዚያም የሚገጣጠም የፕላስቲክ ጭራቅ መጣ። ትዝታ ቢሆን ኖሮ ከወላጆቻቸው ጋር ባለቀ ነበር።

የሚያሳዝነው ሉጎሲ ይህን አላየም። በነሐሴ 1956 ሞተ። የተቀበረውም በድራኩላ ካባ ነው።

የ1954ቱን የጥቁሩ ሐይቅ ፍጡር አይቶ በልጅነቱ ልቡ የተነካው የፊልም ዳይሬክተሩ ጊዬርሞ ዴል ቶሮ ደግሞ ከዓመታት በኋላ የራሱን የውሃ ፍጡር ፊልም ሠርቶ ኦስካር ወሰደ። በ1954ቱ ፊልም አንዲት ሴት ውሃው ላይ ትዋኛለች፣ ፍጡሩ ከሥሯ ተንጋልሎ እኩል ይዋኛል። ያን ፍጡር የነደፈችው ሚሊሰንት ፓትሪክ ናት። ለረጅም ጊዜ ምስጋናውን የወሰደው የሜካፕ ክፍሉ ኃላፊ ነበር። ስሟን ያዙልኝ።

የተከተፈውን «ጎጂራ» ማየት

ይህን ባጭሩ። በ1954 መጋቢት አሜሪካ ቢኪኒ ላይ የሃይድሮጂን ቦምብ ስትሞክር አንድ የጃፓን ዓሣ አጥማጅ ጀልባ አመዱ ወረደበት። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኢሺሮ ሆንዳ የሠራው «ጎጂራ» (በእንግሊዝኛ ጎድዚላ) ወጣ፣ የሚጀምረውም ባሕር ላይ በሚጋይ ጀልባ ነው። በ1956 የወጣው የአሜሪካ ቅጂ ብዙውን ነገር ቆርጦ አንድ አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ጨምሮበታል። በሱ ከጀመራችሁ የምታዩት ከተማ የሚረግጥ እንሽላሊት ነው። የጃፓኑን እዩ።

በአንድ ቀን ሦስት አራት መደርደር

ፊልሞቹ አጫጭር ናቸው፣ ብዙዎቹ 70 ደቂቃ ቢሆኑ ነው። ስለዚህ ሰው ይደረድራቸዋል። በሦስተኛው ላይ ጭጋጉም፣ ቤተ መንግሥቱም፣ ችቦ የያዘው ሕዝብም ይቀላቀልበታል። በሳምንት አንድ ይበቃል። ቅደም ተከተል ካላችሁኝ፣ መጀመሪያ «ፍራንከንስታይን»፣ ቀጥሎ የ1935ቱ «ብራይድ ኦፍ ፍራንከንስታይን»። ድራኩላ ይቆይ።

የአክስቴን ልጅ በሳምንቱ መልሼ ጠራሁት። ዛሬ አስፈሪ ነገር የለም አልኩት። መብራት አጠፋሁ፣ ሴቲንጉን አስተካከልኩ፣ ሁለተኛውን ከፈትኩ። ጭራቁ ከአሳዳጆቹ ሸሽቶ ጫካ ውስጥ አንድ ጎጆ ይደርሳል። ውስጥ ዓይነ ስውር ሽማግሌ ቫዮሊን ይጫወታል። ስለማያየው አይፈራውም። ያበላዋል፣ ያጠጣዋል፣ ቃል ያስተምረዋል። ጓደኛ ስለላከለት አምላኩን እያመሰገነ ያለቅሳል፣ የጭራቁም እንባ ይወርዳል። ከዚያ ዓይን ያላቸው ሰዎች ጠመንጃ ይዘው ይመጣሉ። ጎጆው ይቃጠላል፣ ሽማግሌውን ይዘውት ይወጣሉ።

ልጁ ስልኩን አልነካም። ምንም ሳይል ወደ ቤቱ ሄደ። ከሌሊቱ ስድስት ሰዓት ላይ ቴክስት ላከ፦ «ሽማግሌው በኋላ ምን ሆነ?»

«ከዚያ ወዲያ አይታይም» ብዬ መለስኩለት።