«ሪሰርች» የሚል ወረቀት ከመፈረማችሁ በፊት

ከአሜሪካ ደሴ ለእረፍት ከመጣሁ ጀምሮ ዲቪ የደረሰው ሁሉ ፒያሳ ላይ ይዞ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «አሜሪካ ጥቁር ሰው ላይ መድኃኒት ይሞክራሉ አሉ፣ እውነት ነው?» መመለስ ሰለቸኝ። ልጻፈውና ይለይልኝ።

ወሬው ከመሬት አልተነሳም። አላባማ ውስጥ፣ ቱስኪጊ አካባቢ፣ የመንግሥት የጤና መሥሪያ ቤት በፈረንጆቹ ከ1932 እስከ 1972 600 ገደማ ጥቁር ወንዶችን ሲያጠና ኖረ። 399ኙ ቂጥኝ ነበረባቸው። «ደማችሁ ተበላሽቷል» ተባሉ እንጂ በሽታው አልተነገራቸውም። ፔኒሲሊን ከመጣ በኋላም ተከለከሉ። ፕሬዚዳንት ክሊንተን ይቅርታ የጠየቁት በ1997 ነው። አሪዞና ውስጥ ያሉ ሃቫሱፓይ የሚባሉ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎችም ለስኳር በሽታ ጥናት የሰጡት ደም ለሌላ ነገር ውሎ አገኙት፤ ጥናቱን ያካሄደውን ዩኒቨርሲቲ ከሰው በ2010 ካሳ ተቀበሉ። ስለዚህ ጥቁር አሜሪካዊ ጓደኛችሁ ምርምር ሲባል ቢኮሳተር «አልተማረም» አትበሉት። ከእናንተ በላይ ያውቃል።

እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነን። ደሴም ኮምቦልቻም ነጭ ጋዋን የለበሰ ሁሉ ዶክተር ነው፤ «እዚህ ጋ ፈርም» ካለ ይፈረማል። ይሄ ጠባይ እዚያ ያስበላል።

እኔ ለጨጓራዬ የሄድኩበት ሆስፒታል፣ ስሙ ይቅር፣ አንድ እቅፍ ወረቀት ሰጠኝ። የኢንሹራንስ፣ የክፍያ፣ የምን የምን። መሐሉ ላይ ለጥናት ደም ለመስጠት መስማማቴን የሚገልጽ ገጽ ተሰክቷል። ማንም አላስረዳኝም። ከወራት በኋላ «ተጨማሪ ደም እንፈልጋለን» ብለው ደወሉ። ካንሰር ያገኙብኝ መስሎኝ እንቅልፍ አጣሁ። እናቴ ስትደውል «ጉንፋን ነው» እላለሁ። ለካ ጥናቱ ነው! እናም «ሪሰርች» የሚል ቃል ካያችሁ እስክሪብቶውን አስቀምጡ። አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው፤ ልጃችሁን አታስተርጉሙ። እምቢ ብትሉ ሕክምናችሁ አይቋረጥም። ከፈረማችሁ በኋላም መውጣት ትችላላችሁ።

«ደማችንን ሊሸጡት ነው» እያለ የልጁን ክትባት የሚያስቀረው ግን ያናድደኛል። ሐበሾች ለጥናት ደም ባይሰጡ ኖሮ ከአራታችን የአንዳችን ሰውነት ኮዴይን የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ በፍጥነት ወደ ሞርፊን እንደሚለውጥ፣ ይህም አደገኛ እንደሆነ አይታወቅም ነበር። ፎርሙ ላይ «ጥቁር» የሚለው ሳጥን ይህን ለሐኪሙ አይነግረውም። ጥርስ አስነቅላችሁ ኮዴይን ቢታዘዝላችሁ ኢትዮጵያዊ መሆናችሁን ንገሩት። ከ12 ዓመት በታች ላለ ልጅ ጭራሽ አይሰጥም፤ የምታጠባ እናትም አትውሰድ።