ከቢራ እስከ ጠጅ፦ በአሜሪካ የመጠጥ ሌብል ልኬት ላይ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

አሜሪካ ውስጥ የአልኮል መጠጥ መሸጫ መደብር ገብታችሁ መደርደሪያዎቹን ብታዩ ልኬቱ ዝብርቅርቅ ያለ ይመስላል። ወይኑ 750 ሚሊ ሊትር ይላል። ዊስኪው 1.75 ሊትር ይላል። ከጎኑ ያለው ቢራ ደግሞ 12 ፍሉይድ አውንስ ነው። ነገሩ ግን የራሱ ሕግ አለው። ጠጅ አሽጎ ለመሸጥ ወይም ቢራ ከአገር ቤት ለማስመጣት የሚያስብ ሰው ይህን ሕግ ካላወቀ ብዙ ያወጣል። ሌብሉ ሳይጸድቅ ይመለሳል፣ ታትሞ ከሆነም ኪሳራ ነው። ገዢውም ዋጋ ሲያወዳድር ይሸወዳል።

"አሜሪካ እኮ በአውንስ ነው" ብሎ መነሳት

ከሁሉም የሚብሰው ስህተት ይሄ ነው። አሜሪካ ቤንዚኑንም ወተቱንም በጋሎን ስለሚሸጥ መጠጡም እንደዚያ ይመስለናል። ወይን ግን እ.ኤ.አ. ከ1979 መጀመሪያ፣ ዊስኪ፣ ቮድካና ጂን የመሳሰሉት ደግሞ ከ1980 መጀመሪያ ጀምሮ በሜትሪክ መለካት ግዴታቸው ሆኗል። ቢራ በድሮው ልኬት ቀረ። ቢራ ላይ ሚሊ ሊትር መጨመር ይቻላል፤ ሚሊ ሊትር ብቻ ጽፎ ማለፍ ግን አይቻልም።

ስለዚህ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት "መጠጡ በሕግ ፊት ምንድን ነው?" የሚለው ነው። ልኬቱ ከዚያ በኋላ ይመጣል። ወይን፣ ጠንካራ መጠጥና ቢራ ቲቲቢ በሚባለው የፌደራል የአልኮልና የትምባሆ ታክስ እና ንግድ ቢሮ ስር ናቸው፤ ለእያንዳንዳቸውም የተለየ ደንብ አለ። ለስላሳ መጠጥ ጣሳ ላይ ሁለቱም ልኬት ጎን ለጎን የሚጻፈው ደግሞ ለስላሳው የሚተዳደረው በሌላ ሕግ ስለሆነ ነው። የለስላሳውን አይቶ የቢራውን ሌብል መሥራት ያሳስታል።

330 ሚሊ ሊትሩን ወደ 12 አውንስ ማስጠጋት

ከኢትዮጵያም ከአውሮፓም የሚመጣው የተለመደ የቢራ ጠርሙስ 330 ሚሊ ሊትር ነው። አሜሪካ ሲገባ ሌብሉ ላይ 11.2 ፍሉይድ አውንስ ይባላል። የአሜሪካው የተለመደ ጠርሙስ 12 አውንስ፣ ማለትም 355 ሚሊ ሊትር ነው። 25 ሚሊ ሊትር ለአንድ ጠርሙስ ምንም አይደለም። 24 ጠርሙስ ላይ ሲሆን ግን 600 ሚሊ ሊትር ይሆናል። ወደ ሁለት ጠርሙስ የሚጠጋ ቢራ ማለት ነው። ሁለት ካርቶን በዋጋ ስታወዳድሩ ጠርሙስ አትቁጠሩ፤ አውንሱን ደምሩ።

አስመጪ ከሆናችሁ ደግሞ 12 ብሎ መጻፍ የሌለ ቢራ መሸጥ ነው።

16 አውንስ የሚይዘውን ጣሳ "16 አውንስ" ብሎ መተው

የቢራ ደንቡ እዚህ ላይ ግትር ነው። ከ1 ፓይንት (16 ፍሉይድ አውንስ) በታች ሲሆን በፍሉይድ አውንስ መጻፍ ይቻላል። ልክ 16 ሲሞላ ግን "1 ፓይንት" መባል አለበት። 22 አውንስ የሚይዘው ትልቁ ጠርሙስ "1 ፓይንት 6 ፍሉይድ አውንስ" ይሆናል። ቢራ ጠማቂ ወዳጅ ካላችሁ ይህን ንገሩት፤ በዚህ ሌብል የሚመለስበት ሰው አለ።

የለንደኑን ፓይንት ለአሜሪካ መጠቀም

የአሜሪካ ፓይንት 473 ሚሊ ሊትር ነው። የእንግሊዙ 568 ነው። አውንሱም ይለያያል፤ የአሜሪካው 29.57፣ የእንግሊዙ 28.41 ሚሊ ሊትር ነው። ስልካችሁ ላይ ስትቀይሩ "የአሜሪካ" የሚለውን መምረጣችሁን አረጋግጡ። ደግሞም ፍሉይድ አውንስ የፈሳሽ ልኬት ነው። ሚዛን ላይ ከሚነበበው 28.35 ግራም ከሆነው አውንስ ጋር አታቀላቅሉት።

ጠጅና ጠላን በአንድ ሌብል ማሰብ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የኛ ሰው በጣም የሚያስፈልገው ይሄ ነው።

ጠጅ በአሜሪካ ሕግ ከማር የተሠራ ወይን ነው። የአልኮል መጠኑ 7 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነ በቲቲቢ የወይን ደንብ ይገዛል። ሌብሉ በሚሊ ሊትር ወይም በሊትር ይጻፋል። ጠርሙሱም እንደፈለጉ የሚመረጥ አይደለም፤ ከተፈቀዱት መጠኖች አንዱ መሆን አለበት። 375፣ 500፣ 750 ሚሊ ሊትርና 1 ሊትር ከተፈቀዱት ውስጥ ናቸው። ዝርዝሩ እ.ኤ.አ. በ2020 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ ላይ ስለሰፋ የቆየ ወረቀት ይዛችሁ ጠርሙስ አትዘዙ።

ጠጁ ገና ሳይጠነክር ከ7 በመቶ በታች ከሆነ ግን ሌላ ዓለም ነው። ሌብሉ ኤፍዲኤ ወደሚባለው የፌደራል የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ደንብ ይሄዳል። ያኔ እንደ ማንኛውም የታሸገ ምግብ ሁለቱም ልኬት ይጻፋል፤ ለ750 ሚሊ ሊትር 25.4 ፍሉይድ አውንስ ይጨመርበታል። የአልሚ ንጥረ ነገር ሰንጠረዥም ይመጣል። ጠጅ እንደ ማሩ ብዛትና እንደ ቆየበት ጊዜ ጥንካሬው ስለሚለያይ፣ ሌብል ከማሳተም በፊት ላብራቶሪ ማስለካት ግድ ነው። በምላስ ግምት አይሆንም።

ጠላ ደግሞ የበለጠ ያስገርማል። በፌደራሉ የሌብል ሕግ እንደ ቢራ ለመታየት የገብስ ብቅልም፣ ሆፕስ የሚባለው ቢራን የሚያመርር ተክልም ያስፈልጋል። ጌሾ ሆፕስ አይደለም። ቲቲቢ እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ውሳኔ፣ ከሁለቱ አንዱ የጎደለው ቢራ ለሌብል ጉዳይ በኤፍዲኤ ስር ነው። ስለዚህ በጌሾ ብቻ የተጠነሰሰ ጠላ ለታክሱ ቢራ ተብሎ ቢቆጠርም ሌብሉ ላይ አውንሱም ሚሊ ሊትሩም ይኖራል። መንግሥት የሚያዘው የጤና ማስጠንቀቂያ ግን ከ0.5 በመቶ አልኮል ጀምሮ ለሁሉም አይቀርም። ጠላ ስሙን እንደያዘ፣ ጌሾው ሳይቀየር በጠርሙስ ሲሸጥ ማየት እፈልጋለሁ። ሌብል ፈርቶ ጌሾውን በሆፕስ መተካት አያስፈልግም።

ትልቁን ዊስኪ ግማሽ ጋሎን ማለት

ግማሽ ጋሎን 1.89 ሊትር ነው፤ እጀታ ያለው ትልቁ ጠርሙስ ግን 1.75 ሊትር ነው። የድሮው የአምስተኛ ጋሎን ጠርሙስም 757 ሚሊ ሊትር ነበር፤ ዛሬ 750 ነው።

የእንግሊዝን "ዩኒት" እንደ አንድ መጠጥ መቁጠር

የእንግሊዝ ጠርሙስ ላይ የሚጻፈው 1 ዩኒት 8 ግራም ንጹህ አልኮል ነው። አሜሪካ አንድ መጠጥ የሚለው 14 ግራም ነው። 5 በመቶ የሆነ ባለ 12 አውንስ ቢራ በአሜሪካ አንድ መጠጥ ነው፤ በእንግሊዝ ቆጠራ 1.8 ዩኒት ገደማ ይሆናል። ሐኪም በቁጥር ከወሰነላችሁ የየትኛው አገር ቁጥር እንደሆነ ጠይቁ።

ፕሩፉን እንደ በመቶኛ ማንበብ

በአሜሪካ ፕሩፍ የአልኮል በመቶኛው እጥፍ ነው። 80 ፕሩፍ 40 በመቶ ነው። ይህን የማያውቅ ሰው ለጉዞ ሻንጣ ሲያዘጋጅ ይሳሳታል። በአውሮፕላን ከ70 በመቶ በላይ አልኮል ያለው መጠጥ አይጫንም። ጠርሙሱ ላይ 80 አይቶ ተከልክሏል ብሎ የሚተው ሰው አለ፤ የተከለከለው ግን ከ140 ፕሩፍ በላይ ነው። ከ24 እስከ 70 በመቶ ያለው በሚጫነው ሻንጣ ለአንድ ሰው እስከ 5 ሊትር ይፈቀዳል፤ ያውም ሳይከፈት፣ በፋብሪካ እሽጉ እንዳለ። ሃይላንድ ውስጥ የተቀዳ የቤት አረቄ ይህን አያሟላም። ጥንካሬውም የተጻፈበት የለም። አሜሪካ ስትገቡ ደግሞ ዕድሜው 21 ለሞላ ሰው በመደበኛው ያለቀረጥ የሚያልፈው 1 ሊትር ነው። የቀረውን ለጉምሩክ አስመዝግቡ።