የሰነድ ማንበቢያ አፕ ስትሠሩ አንባቢውን የሚያማርሩ ስህተቶች

ፒዲኤፍ የሚከፍት ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚፈልገው ማንበብ ነው። መፈረምም ሆነ ማረም የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። አፑ ይህን ረስቶ ራሱን ከገጹ ሲያስቀድም ምሬት ይጀምራል። አፕ የምትሠሩ ሁሉ እነዚህን ስህተቶች እንዳትደግሟቸው እለምናለሁ።

አንባቢው የዘጋውን መልሶ መክፈት። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የአዶቤ ፒዲኤፍ ማንበቢያ፣ አክሮባት ሪደር ዲሲ፣ በስተቀኝ የመሣሪያዎች ፓነል ነበረው። አንባቢው ቢዘጋውም ሌላ ፋይል ሲከፍት ፓነሉ ተመልሶ ይመጣል። የተዘጋ ፓነል ተዘግቶ እንዲቆይ የሚያደርገው ምርጫ ሴቲንግ ውስጥ የተጨመረው ብዙዎች ካማረሩ በኋላ ነው። ሰው አንድን ነገር ከዘጋ አልፈልገውም ማለቱ ነው፤ ይህን ለማስረዳት ሴቲንግ ውስጥ መንከራተት የለበትም። ያቆመበትን ገጽ መርሳትም ከዚሁ ይቆጠራል። ሱማትራ ፒዲኤፍ የተባለው ትንሽ ነፃ ፕሮግራም እንኳ ፋይሉን ያቆሙበት ገጽ ላይ ይከፍትላችኋል።

እጅ የለመደውን ቦታ መቀየር። እ.ኤ.አ. በ2023 አክሮባት አዲስ ገጽታ ሲያመጣ መሣሪያዎቹን ወደ ግራ አዛወራቸው። ደግነቱ ወደ ቀድሞው የሚመልስ ምርጫ ነበረው። እናንተም አፕዴት ስታወጡ ይህን ምርጫ አትንፈጉ።

የስልክ አንባቢን መርሳት። ነጋሪት ጋዜጣን በስልክ ያነበበ ይህን ያውቀዋል። አማርኛው በግራ፣ እንግሊዝኛው በቀኝ ዓምድ ነው። ሙሉው ገጽ ስክሪኑ ውስጥ ሲገባ ፊደሉ አይነበብም፤ ዙም ሲያደርጉት ደግሞ ገጹ ከጣት ሥር ይንሸራተታል። ዓምዱ ሁለቴ ሲነካ የስክሪኑን ስፋት ይሙላ፤ በቀጣዩም ገጽ ዙሙ ሳይጠፋ እዚያው ዓምድ ላይ ይቆይ። የገጽ ቁጥሩም ሌላ ጣጣ አለው። የጋዜጣው ቁጥር ከእትም ወደ እትም ስለሚቀጥል የፋይሉ ሦስተኛ ገጽ ላይ የታተመው ቁጥር በሺዎች ሊሆን ይችላል። ፒዲኤፍ ለእያንዳንዱ ገጽ የታተመውን ቁጥር መያዝ ይችላል። አፑ ካገኘው ሁለቱንም ያሳይ።

ለማንበብ ብቻ አካውንት ክፈቱ ማለት። ይህ ምንም ማብራሪያ አያስፈልገውም። ተዉት።

ፍለጋን ለእንግሊዝኛ ብቻ መሥራት። እኛን ይበልጥ የሚጎዳን ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደላት ወጥ ኮድ በሚሰጠው የኮምፒውተር መስፈርት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለዓመታት፣ ብዙ ሰነድ የየራሳቸው ኮድ ባላቸው ፎንቶች ተጽፏል። ስክሪኑ ላይ ጥርት ያለ አማርኛ ይታያል፤ ኮፒ ሲያደርጉት ግን የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅ ይወጣል። እንዲህ ባለ ፋይል ውስጥ «አዋጅ» ብሎ የፈለገ ሰው ቃሉ ገጹ ላይ ተጽፎ እያለ «አልተገኘም» ይባላል። ሰውየውም ቃሉ ሰነዱ ውስጥ የለም ብሎ ይሄዳል፤ በሕግ ጉዳይ ይህ ከባድ ጉዳት ሊያስከትል ይችላል። አፑ «የዚህን ፋይል ጽሑፍ መፈለግ አልቻልኩም» ይበል። ስካን ለተደረገ ሰነድም እንደዚሁ።

ጽሑፉ በዩኒኮድ ቢሆንም የሞክሼ ፊደላት ችግር አለ። አንዱ «ዓመት»፣ ሌላው «አመት» ይጽፋል፤ «ፀሐይ»ም «ጸሃይ» ተብሎ ይጻፋል። ፍለጋው ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ አ እና ዐን፣ ጸ እና ፀን ከነዘሮቻቸው እንደ አንድ ይቁጠራቸው። ሆሄውን በትክክል መለየት ለሚፈልግ አርታኢ ደግሞ ይህን የሚያጠፋ ምርጫ ይቀመጥለት።