የቴኒስ ራኬት ክር ለምን ቶሎ ቶሎ ይበጠሳል?

ራኬት ይዞ የሚመጣልኝ ሰው የመጀመሪያ ቃሉ «ክሩ ፎርጂድ ነው» ነው። አንዳንዴ ልክ ነው። ውፍረቱ እንኳ ያልተጻፈበት ክር አምጥቶ «ወጥርልኝ» የሚል አለ። እኔ ግን መጀመሪያ የማየው የተበጠሰበትን ቦታ ነው።

ጠርዝ ላይ ከሆነ፣ ኳሷን በፍሬሙ አካባቢ መትታችኋል። ክሩ አላጠፋም። እዚያው ቀዳዳ ላይ ከደጋገመ ግን ቀዳዳውን የሚያለብሰው ፕላስቲክ ተሰንጥቋል። እሱን ቀይሩ።

ቦርሳ ውስጥ እንዳለ ከተበጠሰ፣ ፀሐይ ላይ የቆመ መኪና ውስጥ አውላችሁታል። ከከብት አንጀት የተሠራ ከሆነ ደግሞ እርጥበትም ይጨርሰዋል።

መሀል ላይ ሲበጠስ ነው ጉዱ። ደጋግሞ የሚመጣብኝም ይኸው ነው። የሚበጠሰው ሁሌ ለማለት ይቻላል ቋሚው ነው፤ በሸማኔ ቋንቋ ድሩ። ቶፕስፒን ስትመቱ፣ ማለትም ኳሷ ወደ ፊት እየተሽከረከረች እንድትሄድ ከታች ወደ ላይ ስትመቱ፣ ድሩ ወደ ጎን ይንሸራተትና ይመለሳል። በተመለሰ ቁጥር ማጉ ይገዘግዘዋል። መገናኛው ላይ ጎድጎድ ይላል፣ ከዚያ ጠብ! አፈር ሜዳ ላይ አቧራው እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። ከጨዋታ በኋላ ክሩን በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

አንድ ልጅ በየሁለት ሳምንቱ ይመጣ ነበር። ናይለን፣ 1.25 ሚሊሜትር፣ አወጣጠሩ 16 ድር በ19 ማግ። አንዴ የተበጠሰውን ቋጥሮት ሁሉ መጣ! «በየነጥቡ መሀል ክርህን በጣትህ አቃና» ስለው «ጋሼ ደግሞ!» ብሎ ሳቀ። መገናኛዎቹ ላይ የሚሰኩትን ትንንሽ ፕላስቲኮችም ሞከርን። እነሱ የሚጠቅሙት ክሩ አዲስ ሳለ ነው፤ ከጎደጎደ በኋላ መሰካት ገንዘብ መጣል ነው። በመጨረሻ ድሩን 1.30 ፖሊስተር አደረግሁለት፣ ማጉን ናይለን። ሁለት ወር ጠፋ።

ሲመለስ ክሩ አልተበጠሰም፤ ክርኑን ይዞ ነበር። ፖሊስተር ሳይበጠስ ይሞታል። ውጥረቱ ይወርዳል፣ መለጠጡ ይጠፋል፣ ምቱን ክንድ ይቀበለዋል። ኳሷ እንደ ድሮው አልታዘዝ ካለች፣ ክሩ ሙሉ ቢሆንም ቁረጡት። ይኼን ሦስቴ ብናገር ደስ ይለኛል።

አንድ ክር ከተበጠሰም የቀረውን ወዲያው ቁረጡ፤ ከመሀል ጀምራችሁ ወደ ዳር፣ ድርና ማጉን እያፈራረቃችሁ። በአንድ ወገን የቀረ ውጥረት ፍሬሙን ያጣምማል። «ነገ አመጣዋለሁ» እያለ ሳምንት ያስቀመጠ ሰው አለ። እሱ አሁን የሚፈልገው ክር ሳይሆን ራኬት ነው።