የመኪና ጎማን የአየር ግፊት ያለ መለኪያ መገመት

የጎማ አየር መለኪያ በእጅ ሳይኖር ሲቀር ብዙ አሽከርካሪ ጎማውን በእግሩ መታ መታ ያደርግና «ደህና ነው» ብሎ ይነዳል። ይህ ልማድ እምብዛም አይጠቅምም፤ ምክንያቱም የዛሬዎቹ ራዲያል ጎማዎች (የውስጥ ክራቸው ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ቀጥ ብሎ የተዘረጋ) በልካቸው ተነፍተውም ቢሆን ጎናቸው በመጠኑ ስለሚነፋ፣ አየር ሲጎድላቸው ለውጡ በዓይን በቀላሉ አይለይም። ማስመሪያ፣ ጥቂት ወረቀትና የመኪናው ክብደት ካለ ግን ከዓይን ግምት የተሻለ ቁጥር ማግኘት ይቻላል።

ስሌቱ የሚያርፈው በአንድ ቀላል ሕግ ላይ ነው፤ ግፊት ማለት ኃይል ለስፋት ሲካፈል ነው። ጎማ ጭነት ሲያርፍበት ታችኛው ክፍሉ ይተኛል፤ የተኛው ክፍል የሚሰፋውም በውስጡ ያለው አየር የተሸከመውን ክብደት ተቋቁሞ መያዝ እስኪችል ድረስ ነው። ስለዚህ አንዱ ጎማ የተሸከመውን ክብደት መሬት ለነካው ስፋት ስናካፍል የምናገኘው፣ ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን የጎማውን ግፊት ነው፤ መለኪያ መሣሪያውም የሚያሳየው ይህንኑ ስለሆነ ሌላ መደመርም ሆነ መቀነስ አያስፈልግም።

በመጀመሪያ ክብደቱን እንያዝ። የመኪናው ባዶ ክብደት በመመሪያ መጽሐፉ ላይ ይገኛል፤ በውስጡ ያለው ሰውና ዕቃ በዚያ ላይ ይደመራል። ክብደቱን በቀጥታ ለ4 ማካፈል ግን ስህተት ነው፤ ሞተሩ ከፊት ሆኖ የፊት ጎማዎቹን የሚያሽከረክር መኪና ባዶውን ሲቆም ከክብደቱ 60 በመቶ ገደማው በፊት ጎማዎች ላይ ያርፋል። አጠቃላይ ክብደቱ 1200 ኪሎ ግራም ከሆነ፣ የፊት ጎማዎቹ 720፣ እያንዳንዳቸው ደግሞ 360 ኪሎ ግራም ይሸከማሉ ማለት ነው። ይህ ወደ ኃይል መለኪያው ወደ ኒውተን እንዲለወጥ በ9.8 ሲባዛ 3528 ኒውተን ይሆናል።

ቀጥሎ መኪናውን ደልዳላና ጠንካራ መሬት ላይ ማቆም፣ የእጅ ፍሬኑን መያዝና መሪውን ቀጥ ማድረግ ያስፈልጋል። ጠርዛቸው ቀጥ ያለ ሁለት እኩል ወረቀቶች፣ አንዱን ከጎማው ፊት ሌላውን ከኋላው፣ መሬት ለመሬት እየገፉ አልገባ እስኪሉ ድረስ ማስገባት ነው። ከጎማው በታች ያለውን ጠርዝ ማየት ስለማይቻል፣ ከአንዱ ወረቀት ውጫዊ ጫፍ እስከ ሌላው ውጫዊ ጫፍ ያለውን ርቀት ለክቶ የሁለቱን ወረቀቶች ርዝመት መቀነስ ይቀላል፤ የሚቀረው መሬት የነካው ክፍል ርዝመት ነው። ወርዱን ለማወቅ ከመኪናው ሥር መግባት አያስፈልግም፤ በጎማው ፊት ላይ መንገድ እየፈተገ ያደበዘዘውን ክፍል ከጠርዝ እስከ ጠርዝ መለካት ይበቃል።

ርዝመቱ 12.6፣ ወርዱ 14.8 ሴንቲ ሜትር ሆነ እንበል። ብዜታቸው 186.5 ካሬ ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፤ ነገር ግን መሬት የነካው ክፍል ማዕዘኖቹ የተጠጋጉ ስለሆኑ በ0.9 አባዝቶ 168 ማለት ለእውነቱ ይቀርባል። ይህም 0.0168 ካሬ ሜትር ነው። 3528ን ለዚህ ስናካፍል 210,000 ፓስካል (ኒውተን በካሬ ሜትር)፣ ማለትም 210 ኪሎ ፓስካል ወይም 2.1 ባር እናገኛለን። በፒኤስአይ ለሚያስቡ 6.9 ኪሎ ፓስካል 1 ፒኤስአይ ስለሆነ ውጤቱ ከ30 በጥቂቱ ይበልጣል።

አንዳንዶች በጎማው ጥርሶች መካከል ያሉትን ቦዮች ስፋት ይቀንሳሉ፤ እኔ ግን አልስማማም። ቦዮቹ መሬት ባይነኩም አየሩ ከውስጥ የሚገፋው ቦዩንም ጥርሱንም የያዘውን ሙሉ ገጽ ነው። ቦዮቹን መቀነስ የሚሰጠው ጥርሶቹ መሬቱን የሚጫኑበትን ግፊት እንጂ የጎማውን የውስጥ ግፊት አይደለም።

የግምቱ ስህተት ወደየት እንደሚያዘነብልም ማወቅ ይገባል። የጎማው ጎን ራሱ ጥንካሬ ስላለው ከክብደቱ ጥቂቱን ይሸከማል፤ በዚህ ምክንያት ስሌቱ ከእውነተኛው ግፊት ከፍ ያለ ቁጥር ይሰጣል። አየር አልቆም እንዲነዱ ተብለው ጎናቸው የተጠናከረ ጎማዎች ላይማ ዘዴው ጭራሽ አይታመንም። በርዝመቱ ላይ የግማሽ ሴንቲ ሜትር ስህተት ብቻውን ውጤቱን በ4 በመቶ ያህል ያዛባል፤ ወርዱም እንዲሁ።

ከእነዚህ ስህተቶች አብዛኞቹ የሚወገዱት ቁጥሩን ለብቻው ከመያዝ ይልቅ በማነጻጸር ነው፤ በእኔ አስተያየት የዘዴው ትልቁ ጥቅም ይህ ነው። ጎማው በመለኪያ ተለክቶ በልኩ በተነፋበት ቀን ርዝመቱን መዝግቦ መያዝ ነው። ጭነቱ ካልተለወጠ ወርዱ ብዙም ስለማይለወጥ፣ የግፊቱና የርዝመቱ ብዜት ባለበት ይቆያል ማለት ይቻላል። ለምሳሌ በ220 ኪሎ ፓስካል ርዝመቱ 12 ሴንቲ ሜትር ከነበረ ብዜቱ 2640 ነው፤ ከጊዜ በኋላ 13.2 ሆኖ ከተገኘ ግፊቱ ወደ 200 ወርዷል። መዝገብ ለሌለው ደግሞ የግራና የቀኝ የፊት ጎማዎችን ማስተያየት ይጠቅማል፤ የሚሸከሙት ክብደት ተቀራራቢ ስለሆነ ርዝመቱ የበዛው አየር የጎደለው ነው።

ልኬቱ መወሰድ ያለበት መኪናው ቢያንስ ለ3 ሰዓት ያህል ከቆመ በኋላ፣ ጎማው ቀዝቅዞ ነው። የአየር ግፊት ከሙቀት ጋር ይወጣል፣ ይወርዳል፤ በ20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 210 ኪሎ ፓስካል የነበረው ጎማ ሙቀቱ ወደ 10 ዲግሪ ሲወርድ ምንም አየር ሳይወጣው 10 ኪሎ ፓስካል ያህል ይቀንሳል። የተገኘው ግምት የሚመዘነውም በሾፌሩ በር ክፈፍ ላይ ወይም በመመሪያ መጽሐፉ ውስጥ ከተጻፈው ቁጥር ጋር ነው፤ በጎማው ጎን ላይ የታተመው የጎማው ከፍተኛ ወሰን ስለሆነ ለዚህ አያገለግልም። ግምቱ ከተጻፈው ከ15 በመቶ በላይ ካነሰ፣ የመለካት ስህተት ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ስለማይቻል፣ ረጅም መንገድ ከመጀመር በፊት ጎማውን በመለኪያ አስለክቶ ማስነፋት ያስፈልጋል።