የፊት ክንፍ ሲሙሌሽን፦ ስዕሉ ሲያምር ቁጥሩ የሚዋሽባቸው ስህተቶች

የውድድር መኪና የፊት ክንፍ የተገለበጠ የአውሮፕላን ክንፍ ነው። አውሮፕላኑን ወደ ላይ የሚያነሳው ኃይል መኪናዋን ወደ አስፋልቱ ይጫናታል። ዳውንፎርስ የሚሉት እሱን ነው። ባሕር ዳር ቁጭ ብዬ በላፕቶፕና በነፃው ኦፕንፎም (የአየርን ፍሰት በኮምፒውተር የሚያሰላ ፕሮግራም) ስሞክረው ያልሠራሁት ስህተት የለም።

መጀመሪያ መለኪያው። የክንፉ ቅርጽ የሚቀመጥበት የኤስቲኤል ፋይል በሚሊ ሜትር ይሁን በሜትር የተሳለ አይናገርም፤ ኦፕንፎም ግን ሜትር ነው ብሎ ይወስደዋል። የ2 ሜትሩ ክንፍ 2 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቁጭ ይላል። አዲሱን የአባይ ድልድይ 5 ጊዜ ያስከነዳል!

ትልቁ ጥፋት መሬቱን ማቆም ነው። ታንኳ በረጋ ጣና ላይ ሲቀዘፍ ውኃውም የሐይቁ ወለልም ባሉበት ናቸው። ያንኑ ታንኳ አባይ ላይ ብታስሩት ግን ውኃው ወለሉን እየታከከ ያልፋል፤ ከታች ያለው ይዘገያል። በሲሙሌሽን መኪናዋን አስረን አየሩን ስለምናስሮጥ፣ መሬቱም ከአየሩ ጋር እኩል መሮጥ አለበት። አየሩ በሰከንድ 50 ሜትር ከሆነ መሬቱም 50፣ በዚያው አቅጣጫ። አለዚያ መሬቱ ላይ የሌለ የዘገየ አየር ይከማቻል። ክንፉ ደግሞ ከፍተኛውን ጉልበት የሚያገኘው ከሥሩ ካለችው ጠባብ ክፍተት ነው። እኔ ይህን ሳላውቅ ሁለት ሳምንት ሙሉ የክንፉን ቅርጽ ስቀያይር ከረምኩ። ጎማም ካስገባችሁ ይሽከርከር።

ቀጥሎ በፍላፖቹ፣ ማለትም ክንፉ በተከፋፈለባቸው ቁርጥራጮች፣ መካከል ያለው ስንጥቅ። ክንፉ የተከፋፈለው ለጌጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ፍላፕ አዲስና ስስ የአየር ንብርብር ስለሚጀምር አየሩ ከክንፉ ቶሎ አይላቀቅም። ስንጥቁ ውስጥ ሁለት ሦስት የሜሽ ሴል (ኮምፒውተሩ አየሩን ከፋፍሎ የሚያሰላባቸው ትንንሽ ክፍሎች) ብቻ ካለ ይህ ሁሉ ይጠፋል። ሜሹን እዚያ አድቅቁት። ከዚያ ደግሞ ይበልጥ አድቅቃችሁ ድገሙት፤ ዳውንፎርሱ አሁንም ከተቀየረ ገና ናችሁ።

የአየር እፍግታም ይረሳል። ብዙ ምሳሌ ፋይል ላይ ያለው 1.225 የባሕር ወለል ቁጥር ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች እዚህ ወደ 1 ኪሎ ግራም በሜትር ኩብ ይጠጋል። ያው ክንፍ፣ ያው ፍጥነት፣ ያነሰ ዳውንፎርስ።

የስሌቱን ስህተት የሚያሳየው መስመር ወርዷል ብላችሁም አትቁሙ። የኃይሉን ግራፍ እዩ፤ እሱ ካልረጋ አላለቀም። እስኪረጋ መሐል ላይ ውጤቱን ቶሎ ቶሎ እንዲያስቀምጥ አድርጉ። መብራት አይታመንም።