የሰንጢን ቁልፍ ድምፅና አገጣጠም እንዴት መመርመር ይቻላል

ከደብረ ማርቆስ እስከ ዳንግላ ባሉ ገበያዎች ሰንጢ የሚገዛ ሰው ብዙውን ጊዜ ስለቱን ዘርግቶ «ቀጭ» ማለቱን ይሰማና፣ ድምፁ ከጎላለት ቁልፉ ጠንካራ ነው ብሎ ወደ ዋጋ ክርክር ይገባል። ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ ደጋግሞ ያስጮኸዋል። ነገር ግን የድምፁ መጉላት በአመዛኙ የሚወሰነው ስለቱን በሚገፋው ሞላ (ስፕሪንግ) ኃይል፣ በላሜራው ውፍረትና በእጀታው ውስጥ ባለው ባዶ ቦታ ነው፤ ስስ ላሜራና ክፍት እጀታ ያለው ርካሽ ሰንጢ፣ እጀታው በእንጨት ወይም በቀንድ ከተሞላ ደህና ሰንጢ ይልቅ ሊጮኽ ይችላል። ድምፅ ቁም ነገር የሚናገረው ሲለወጥ ነው። ጥርት ብሎ ይቆልፍ የነበረ ሰንጢ ድፍን ድምፅ ማሰማት ከጀመረ፣ ምክንያቱን በዓይንና በጣት መፈለግ ይገባል።

በመጀመሪያ ሰንጢው በምን እንደሚያዝ ይለዩ። እንደ ትናንሾቹ የቪክቶሪኖክስ ሰንጢዎች ያሉት ስለቱን የሚይዙት በሞላ ግፊት ብቻ ስለሆነ ቁልፍ የላቸውም፤ ስለቱ በእጅ ሲገፋ መታጠፉም ጉድለት አይደለም። የጀርባ ቁልፍ ያለው ሰንጢ በእጀታው ጀርባ ላይ የሚጫን ዘንግ አለው፤ የዘንጉ ጥርስ በስለቱ ሥር ላይ ካለው ጎድጓዳ ውስጥ ይወድቃል። የላሜራ ቁልፍ የሚባለው ደግሞ ከእጀታው ላሜራ አንዱ ወደ ውስጥ ታጥፎ ከስለቱ ሥር ኋላ የሚቆምበት ነው። በፈረንሳይ የሚሠራው ኦፒኔል የተባለው ሰንጢ፣ ከትናንሾቹ በቀር፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ በሚዞር የብረት ቀለበት ይቆለፋል፤ የእሱን ድምፅ ከሌሎቹ ጋር ማወዳደር ትርጉም የለውም።

ቀጥሎ ያጽዱት። ይህ ሳይደረግ የሚሰጥ ፍርድ ሁሉ ስህተት የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው፤ በተለይ በአጨዳና በውቂያ ወራት የጤፍ እብቅና አቧራ በኪስ ውስጥ ተጠራቅሞ ከቁልፉ ጥርስ ሥር ስለሚገባ፣ ቁልፉ እስከ መጨረሻው እንዳይወርድ ያግደዋል። ስለቱን ዘርግተው በለብታ ውኃ፣ በሳሙናና በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ይፈትጉ፤ የክብሪት እንጨት ጫፍ ላይ ጨርቅ ጠምጥመው የስለቱን ሥርና የቁልፉን ፊት ይጥረጉ፤ በደንብ አድርቀው ስለቱ በሚዞርበት መገጣጠሚያ (በመዞሪያው) ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ያድርጉ። የኑግ ዘይት በየቤቱ ቢገኝም ለዚህ ሥራ ፈጽሞ አይሆንም። ኑግ አየር ሲያገኝ ቀስ በቀስ የሚደርቅና የሚያጣብቅ ዘይት ስለሆነ፣ ለጥቂት ቀናት ካለሰለሰ በኋላ እንደ ሙጫ ይይዛል፤ ድምፁም ይታፈናል። ቀድሞ የተቀባ ካለ በላምባ ይለቃል።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው የአገጣጠም ምርመራ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ስለቱ ተዘርግቶና ተቆልፎ ሳለ እጀታውን በአንድ እጅ አጥብቀው ይያዙ፤ በሌላው እጅ የስለቱን ጀርባና ጎን ይዘው (አፉን ሳይነኩ) በመጀመሪያ ወደ ግራና ቀኝ፣ ቀጥሎ ወደ ላይና ወደ ታች በቀስታ ይግፉ። ስስ ስለት በራሱ ስለሚለመጥ፣ ከጫፉ አካባቢ ይዞ የሚፈትሽ ሰው ያልላላውን ላላ ይላል። ስለዚህ ስለቱ የሚያዘው ከእጀታው ብዙም ሳይርቁ ነው፤ የአውራ ጣትዎን ጥፍር ስለቱና እጀታው በሚገናኙበት መስመር ላይ ያሳርፉ። ሁለቱ ብረቶች እርስ በርስ ከተንቀሳቀሱ ዓይን የማያየውን ጥፍር ይሰማዋል፤ መለመጥ ብቻ ከሆነ ግን መስመሩ ጸጥ ይላል።

የእንቅስቃሴው አቅጣጫ ምክንያቱን ይለያል። ወደ ጎን መወዛወዝ የሚመጣው ከመዞሪያው ብሎን መላላት ወይም በስለቱ ግራና ቀኝ ካሉት ሮንዴላዎች (ስስ ቀለበቶች) ማለቅ ነው፤ ብዙውን ጊዜም ይስተካከላል። ወደ ላይና ወደ ታች መነቃነቅ ግን የቁልፉና የስለቱ ሥር በልኩ አለመግጠም ነው፤ ካጸዱት በኋላም ከቀጠለ ብሎን በማጥበቅ አይድንም። ይህን ሳይለዩ ካቻቢቴ ማንሳት ሰንጢውን ማበላሸት ነው።

አሁን ወደ ድምፁ መመለስ ይቻላል። ሲከፈት የሚንኮሻኮሽ ከሆነ መዞሪያው ውስጥ አሸዋ አለ ማለት ነው፤ እንደገና ይታጠብ። በሞላ ብቻ የሚያዝ ሰንጢ መንገድ ላይ አንድ ጊዜ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ «ቀጭ» ቢል፣ አንዳንዶቹ በግማሽ እንዲቆሙ ሆነው የተሠሩ ስለሆነ አያሳስብም። የላሜራ ቁልፍ ሲለቀቅ «ሲጥ» ብሎ የሚጣበቅ ከሆነ የቁልፉ ፊት ከስለቱ ሥር ጋር ተናክሷል፤ መድኃኒቱ ተራ እርሳስ ነው። የእርሳሱን ጫፍ በስለቱ ሥር ላይ ቁልፉ በሚያርፍበት ቦታ ይፈትጉበትና ደጋግመው ይክፈቱ፣ ይዝጉ። እዚህ ላይ ሞረድ የሚያነሳ ሰው አይጠፋም። ያ ፊት ጥቂት ዲግሪ ብቻ ዘመም ተደርጎ የተሳለ ስለሆነ፣ ትንሽ ሲሞረድ ቁልፉ ወይ በግፊት ይሸሻል፣ ወይ እስከ ወዲያኛው ላሜራ ዘልቆ ይቆማል፤ የተሞረደ ብረት ደግሞ አይመለስም።

ሲዘጋ «ቂል» የሚል የብረት ድምፅ የሚያሰማ ሰንጢ የስለቱ አፍ ከውስጥ ሞላ ወይም ብረት ጋር እየተጋጨ ሊሆን ይችላል። ለማረጋገጥ አፉን ከሥር እስከ ጫፍ በማርከር ያጥቁሩትና አንድ ጊዜ እንደ ልማድዎ ዘግተው ይክፈቱ፤ ቀለሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ ተነስቶ ብረቱ ብልጭ ካለ፣ አፉ እዚያ ላይ እየደነዘ ነው። ስለቱን ለቆ በሞላ ኃይል እንዲዘጋ ከማድረግ ይልቅ በእጅ እየመሩ መዝጋት ጉዳቱን ይቀንሰዋል።

ወደ ጎን የሚወዛወዘውን ለማጥበቅ በመዞሪያው ብሎን ራስ ልክ የሆነ መፍቻ ያስፈልጋል። በብዙ አዳዲስ ሰንጢዎች ላይ ይህ ባለ ስድስት ጥርስ ቲ-6 ወይም ቲ-8 ነው፤ በቢላ ጫፍ መሞከር የብሎኑን ራስ ከመላጥ በቀር ፋይዳ የለውም። ከአንድ ሙሉ ዙር ስምንተኛ እጅ ያህል ያዙሩ፣ ከፍተው ይዝጉ፣ በጥፍርዎ ይፈትሹ፤ ካልበቃ እንደገና ስምንተኛ እጅ። የሚፈለገው ቦታ ወደ ጎን መወዛወዙ የሚቆምበትና ስለቱ ግን ያለ ትግል የሚዞርበት ነው። ካለፉት ስለቱ ይከብዳል፣ የጀርባ ቁልፍም በሙሉ ኃይሉ ስለማይወድቅ ድምፁ ይደበዝዛል፤ ያን ጊዜ ድፍን ድምፁን ከቁልፉ ድካም መቁጠር የተለመደ ስህተት ነው። ብሎኑ በየጊዜው የሚላላ ከሆነ በኋላ መፍታት የሚያስችለውን ዓይነት የብሎን ማጣበቂያ በጣም ትንሽ ይንኩበት፤ ወደ ሮንዴላዎቹ ከፈሰሰ ሰንጢው አይከፈትም። በብሎን ፋንታ በሪቬት የተያዘውን በመዶሻ ቀስ እያሉ፣ በየምቱ እየፈተሹ ማጥበቅ ይቻላል፤ ከመጠን በላይ ከጠበቀ ግን ማላላቱ ከባድ ስለሆነ ለአንጥረኛ መስጠት ይሻላል።

በመጨረሻ ቁልፉ የቆመበትን ቦታ ከኋላ ይመልከቱ። በላሜራ ቁልፍ ላይ ላሜራው ከስለቱ ሥር ውፍረት ሲሶውን እስከ ግማሹን ሲሸፍን መልካም ነው፤ ጠርዙን ብቻ ነክቶ ከቆመ ሊያመልጥ ይችላል፣ ወዲያኛው ላሜራ ጋ ከደረሰም አልቋል። ጥንካሬውን ለመፈተን የስለቱን ጀርባ ጠረጴዛ ላይ መምታት መጥፎ ልማድ ነው፤ ቁልፉን ይጎዳል፣ ካመለጠም ጣት ላይ ይዘጋል። አፉን በወፍራም ቆዳ ጠቅልለው፣ እጀታውን ጣቶችዎ በስለቱ መንገድ ላይ እንዳይሆኑ ከሁለቱ ጎኖቹ ብቻ ይዘው፣ ጀርባውን በእንጨት ላይ በዝግታ ይጫኑት። ከተንሸራተተ ያንን ሰንጢ ለሥራ አይጠቀሙበት።

የእንጨት እጀታ ያላቸው ሰንጢዎች በክረምት ጠባያቸው ይለወጣል። እንደ ኦፒኔል ያለው እንጨቱ እርጥበት ሲጠጣ አብጦ ስለቱን ስለሚጨብጥ በሐምሌና በነሐሴ አልከፈት ሊል ይችላል። በዚህ ወቅት እጀታውን በብርጭቆ ወረቀት መፋቅ አያስፈልግም፤ በጋ ሲገባ እንጨቱ ተመልሶ ይኮማተራል፣ ያን ጊዜ የተፋቀው ክፍተት ስለቱን ወደ ጎን ያስወዛውዘዋል። ከእሳት አጠገብ ሳይሆን ነፋሻ ደረቅ ቦታ ላይ ግማሽ ተከፍቶ ይደር።